ማድሌንና ማቻ፤ ከሩቅ የተላከ ስጦታ በጊዜው እንዲበላ

ከሩቅ አገር የተላከ ስጦታ ወደ ቤት በገባ ጊዜ ከሁለት ዕድል አንዱ ይደርሰዋል። ወይም በዚያው ሰሞን ተከፍቶ ይበላል፤ ወይም ስለ ላኪው ክብር ሲባል በቁም ሣጥን ውስጥ ይቈለፍበታል። በብዙ የተከበሩ ቤቶች ሁለተኛው ዕድል ይልቅ የተለመደ መሆኑን የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ሽቶው ሳይከፈት ይተናል፤ ከረሜላው እርስ በርሱ ተጣብቆ ድንጋይ ይሆናል፤ የሸክላው ዕቃ ታላቅ እንግዳ እስኪመጣ ሲባል አቧራ ይለብሳል። ይህን የምናደርገው ከንፍገት የተነሣ አይደለም፤ ከፍቅር የተነሣ ነው እንጂ። ዳሩ ግን ፍቅር ያለበት ነገር ሁሉ በማስቀመጥ የሚጠበቅ አይደለም። ይህንንም የሚያስረዳ ነገር ባለፈው ዓመት በቤታችን ስለ ተደረገ፥ ነገሩም የባልትና ትምህርት ስላለበት፥ ለቤተ ሰብ ገጽ አንባቢዎች ጥቂት ቃል ለመጻፍ አሰብሁ።

ነገሩ ማድሌን ስለምትባለው የፈረንሳይ ኬክና ማቻ ስለሚባለው የጃፓን ሻይ ነው። ታሪኩን ከመጀመሬ በፊት ሁለቱ ምን እንደ ሆኑ ማስታወቅ ይገባኛል። ስለ ፈረንሳይና ስለ ጃፓን የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ማድሌን የመዳፍ እኩሌታ የምታህል፥ ከዱቄት፥ ከዕንቁላል፥ ከስኳርና ከቅቤ የምትሠራ ትንሽ ኬክ ናት። ባንድ ወገኗ እንደ ባሕር ዛጎል የተሰነተረች ስትሆን፥ በሌላው ወገኗ ጉብ ያለች ናት። ስሟ በፈረንሳዮች አፍ መግደላዊት ማለት ነው። አገሯም በሎሬን አውራጃ ያለችው ኮሜርሲ የምትባል ትንሽ ከተማ ናት። ሲወርድ ሲዋረድ እንደ መጣው ትረካ፥ በ1755 ዓመት የሎሬን መስፍን የነበሩት የቀድሞው የፖላንድ ንጉሥ እስታኒስላስ ሌሽቺንስኪ በኮሜርሲ ግብር ባበሉ ጊዜ፥ የጣፋጩ ሠራተኛ ተጣልቶ ጥሎ ስለ ሄደ፥ ማድሌን ፖልሚዬ የምትባል አገልጋይ ካያቷ የተማረችውን ኬክ ጋግራ አቀረበች፤ መስፍኑም እጅግ ስለ ተደሰቱ ኬኩን በስሟ ጠሩት ይባላል። ይህ ነገር ከታሪክ ይልቅ ወደ ተረት ቢያደላም፥ የከተማዋ ሰዎች እስከ ዛሬ ድረስ በደስታ ይተርኩታል። በ1852 ከፓሪስ እስከ እስትራስቡርግ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ ከተፈጸመ ወዲህ፥ የኮሜርሲ ሴቶች በጣቢያው ላይ ቅርጫት ይዘው ለመንገደኛው ይሸጡ ስለ ነበር፥ የኬኳ ስም በመላው ፈረንሳይ ተሰማ። ኋላም ማርሴል ፕሩስት የተባለው ጸሐፊ በ1913 በታተመው መጽሐፉ፥ አንድ ሰው በሻይ የተነከረች ማድሌን በቀመሰ ጊዜ የተረሳው የልጅነት ዘመኑ ሁሉ እንደ ተመለሰለት ስለ ጻፈ፥ ይህች ትንሽ ኬክ የትዝታ ምሳሌ ሆና ቀረች። ጸሐፊው አስቀድሞ ባዘጋጀው ረቂቅ ላይ በማድሌን ፈንታ የተጠበሰ ዳቦ ጽፎ ነበር። ይህም ትዝታን የሚያመጣው የምግቡ ማዕረግ ሳይሆን አብሮ የተበላበት ቤት መሆኑን ያመለክታል።

ማቻ ደግሞ እንደ ዱቄት ልሞ የተፈጨ አረንጓዴ ሻይ ነው። በ1191 ኤይሳይ የተባለ የቡድሃ መነኵሴ ከቻይና ወደ አገሩ ወደ ጃፓን ሲመለስ የሻይ ዘር ይዞ ገባ፤ በ1211 ዓመትም ስለ ሻይ ጥቅም መጽሐፍ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ በኪዮቶ ደቡብ ያለችው የኡጂ ምድር በዚህ ሻይ የታወቀች ሆነች። አሠራሩ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። ቅጠሉ ከመለቀሙ በፊት ሃያ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ዳስ ተሠርቶ ፀሓይ እንዳይመታው ይጋረዳል። ከፀሓይ የተሸሸገ ቅጠል ብርሃንን ፍለጋ አረንጓዴነቱን ያበዛል፤ ጣዕሙም ምሬቱ ይቀንስና ይለሰልሳል። ከተለቀመም በኋላ በእንፋሎት ይመታል፥ ይደርቃል፥ ግንዱና ሥሩ ይለቀምለታል፤ በመጨረሻም በድንጋይ ወፍጮ ይፈጫል። አንድ ወፍጮ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያወጣው አርባ ግራም ያህል ብቻ ነው። ፈጥኖ ቢዞር ድንጋዩ ይግላል፤ ድንጋዩ ከጋለ ደግሞ የሻዩ ሽታና መልክ ይጠፋል።

እኔ ማድሌንን ያወቅኋት ባለቤቴ ለመንግሥት ሥራ በፓሪስ ሁለት ዓመት በተቀመጡ ጊዜ ነው። ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት አሮጊት የኮሜርሲ አገር ሰው ነበሩና አሠራሩን በእጄ ይዘው አስተማሩኝ። ወደ አዲስ አበባ ስንመለስም አሥራ ሁለት ጕድጓድ ያለውን የዛጎል ቅርጽ መጋገሪያ በስጦታ ሰጡኝ። ሴት ልጃችን በዚያን ጊዜ የአምስት ዓመት ሕፃን ነበረች፤ በየእሑዱ ማድሌን እየበላች አደገች። ዛሬ የጃፓን መንግሥት ለውጭ አገር ተማሪዎች በሚሰጠው የትምህርት ዕድል በኪዮቶ ትማራለች። ትምህርቷን ጨርሳ እስክትመለስ ገና ሦስት ዓመት ይቀራታል።

ጃፓን ለኛ ለኢትዮጵያውያን ከስሟ በቀር የማናውቃት አገር አይደለችም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በኛ አቈጣጠር በ1924 ዓመተ ምሕረት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ ወደዚያ ተልከው፥ ያዩትን ሁሉ “ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን” በሚባለው መጽሐፋቸው ጽፈው አስተውለውናል። ልጃችንም ከመሄዷ በፊት መጽሐፉን ከአባቷ መደርደሪያ አውርዳ አንብባዋለች። ከሄደችም በኋላ የጻፈችልን ደብዳቤ ሁሉ ስለ ትምህርቷ ብቻ አይደለም፤ ስለ ምግቡና ስለ ቤቱ ሥርዓትም ነው። ጃፓኖች በ16ኛው መቶ ዓመት ከፖርቱጋል ነጋዴዎች የዕንቁላል ኬክ መጋገር ተምረው “ካስቴላ” ብለው የራሳቸው እንዳደረጉት፥ ከዚያም ወዲህ የፈረንሳይን የጣፋጭ ጥበብ አጥንተው የገዛ ሻያቸውን እንደ ጨመሩበት ጽፋልናለች። የጃፓን ተወላጅ የሆነው ሳዳሃሩ አኦኪም በፓሪስ ከተማ ሱቅ ከፍቶ፥ ማቻ የገባበትን የፈረንሳይ ኬክ ለፈረንሳዮች ለራሳቸው እየሸጠ ስሙ የታወቀ ሆኗል። ተማሪ አስተማሪውን ሲመግብ ማየት ደስ ያሰኛል።

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር ከልጃችን ዘንድ አንድ ትንሽ የታሸገ ነገር ደረሰን። በውስጡ ሠላሳ ግራም ማቻ የያዘች፥ የእጅ ሰዓት የምታህል የቆርቆሮ ጣሳ ነበረች። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፤ “እማዬ፥ በልጅነቴ ይጋግሩልኝ የነበረችው ማድሌን እዚህ አገር አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ አየኋት። እኔ በምኖርበት ቤት መጋገሪያ የለም። እርስዎ ይጋግሩና ለአያቴ ያቅምሱልኝ።” ይህ ሻይ በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። በ2024 መጸው ፈላጊው እጅግ ስለ በዛ፥ የኪዮቶ የታወቁ የሻይ ቤቶች ለአንድ ገዢ የሚሸጡትን መጠን እስከ መወሰን ደርሰው ነበር። ተማሪ ልጅ ከቀለቧ ቀንሳ እንደ ገዛችው ሳትናገርም አወቅሁት።

እናቴ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ከኛ ጋር ይኖራሉ። ልጃችንን ጡት ከተወች ጀምሮ ያሳደጓት እርሳቸው ናቸው። ጣሳዋን ከእጄ ተቀብለው ሳሟት፤ ከዚያም ወደ ክፍላቸው ገብተው በእንጨቱ ሣጥናቸው ውስጥ ቈለፉባት፤ ቁልፉንም በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።

“ልጄ ስትመጣ በገዛ እጇ ትከፍተዋለች” አሉ።

ባለቤቴ “ሻይ እኮ ነው፥ ይበላሻል” ሊሉ ሲቃጡ በዓይኔ ከለከልኋቸው። ነገሩ እውነት ነበረ። ማቻ ብርሃን፥ አየርና ሙቀት ጠላቶቹ ናቸው፤ በታሸገ ጣሳ ውስጥ እንኳ ሆኖ ከወራት በኋላ ይደክማል፤ ከተከፈተ ደግሞ በአንድ ወር ያህል ጊዜ ውስጥ ቢያልቅ ይሻለዋል። ሦስት ዓመት በሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ማቻ መልኩ እንደ ደረቀ ጭድ ይሆናል፤ ሽታውም የለም። ነገር ግን ለሰማንያ አራት ዓመት እናት ይህን በመጽሐፍ ቃል ማስረዳት የልጅ ጠባይ አልመሰለኝም። የሰው ቤት ሣጥን በክርክር አይከፈትም።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ቡና ተፈላ። ቡናውን በቤታችን የሚቈሉት ሁልጊዜ እናቴ ራሳቸው ናቸው። ጭሱን እያሸተትን ሳለ፥

“እማዬ፥ ይህን የተቈላ ቡና ለፋሲካ ብናስቀምጠውስ?” አልኋቸው።

“ምን ነካሽ ልጄ! ቡና ተቈልቶ ለፋሲካ ይቀመጣል? ሽታው ሄዶ ገለባ ይሆናል እንጂ” አሉና ሳቁ።

ይህን ጊዜ በሣጥናቸው ያለውም ሻይ እንደ ተቈላና እንደ ተወቀጠ ቡና መሆኑን ነገርኋቸው። ስለ ዳሱ፥ ስለ ጥላው፥ ስለ እንፋሎቱ፥ ስለ ድንጋዩ ወፍጮም ተረክሁላቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። አቦሉ አልፎ ቶናው ተጠጣ። በረካው ሲቀዳ፥

“ወፍጮው በሰዓት ስንት ይፈጫል አልሽኝ?” ብለው ጠየቁኝ።

“አርባ ግራም፤ አንድ ጭብጥ እንኳ የማይሞላ።”

“እኔ በልጅነቴ ዶሮ ሳይጮኽ ተነሥቼ ፈጭቻለሁ። የፈጪ ክንድ እንዴት እንደሚዝል አውቃለሁ። የደከመችበትን ዱቄት እኔ ሣጥን ውስጥ ላበላሽባት አይገባኝም” አሉና የነጠላቸውን ቋጠሮ ይፈቱ ጀመር። እጃቸው በቋጠሮው ላይ ሳለ ግን ጥቂት ቆም አሉ። “ሻይ መሆኑን አጥቼው አልቈለፍሁበትም። አደራ የያዘ ሰው አደራውን እስኪያስረክብ ድረስ እግዚአብሔር ዕድሜ ይሰጠዋል ብዬ ነው” አሉኝ።

ለዚህ ቃል የምመልሰው አላገኘሁም። ቁልፉን ተቀብዬ እጃቸውን ሳምሁ።

እንግዲህ አጋገሩን ልናገር። ለአሥራ ስድስት ማድሌን የሚበቃው መጠን ይህ ነው፤ ሁለት ዕንቁላል፥ 90 ግራም ስኳር፥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር፥ 94 ግራም የፉርኖ ዱቄት፥ 6 ግራም ማቻ፥ 3 ግራም ቤኪንግ ፓውደር፥ አንድ ቍንጥር ጨው፥ 100 ግራም ቅመም ያልገባበት ለጋ ቅቤ። ንጥር ቅቤ የኰረሪማውና የኮሰረቱ ሽታ ሻዩን ይሸፍነዋልና ለዚህ ሥራ አይሆንም። ከሠላሳ ግራም ጣሳ ስድስት ስድስት ግራም ቢወጣ አምስት ጊዜ ይጋገርበታል።

ቤኪንግ ፓውደሩን መቀነሴ ያለ ምክንያት አይደለም። የፈረንሳይ መጻሕፍት የሚሰጡት መጠን ለቆላማ አገር የተመዘነ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች፥ የአየሩ ክብደት በባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ውሃም በመቶ ዲግሪ ፈንታ በ92 ዲግሪ ግድም ይፈላል። ስለዚህ በሊጡ ውስጥ ያለው አየር የሚጫነው ሲያጣ ከልክ በላይ ይነፋል፤ ኬኩም ሳይበስል ተነሥቶ መልሶ ይወድቃል። በደጋ ለሚጋግር ሰው አንድ አራተኛ ወይም አንድ ሦስተኛ ያህል መቀነስ ይበጀዋል።

ዕንቁላሉ፥ ስኳሩና ማሩ አንድ ላይ ነጣ እስኪል ድረስ ይመታል። ዱቄቱ፥ ማቻውና ቤኪንግ ፓውደሩ ሁለት ጊዜ በወንፊት ይነፋሉ። ማቻ እጅግ የላመ ስለ ሆነ እየተጓጐለ ያስቸግራልና ይህን መዝለል አይገባም። እናቴ ወንፊቱን ከእጄ ወስደው ነፉ። ከዱቄቱ በሁለት ጣታቸው ቈንጥረው አሹና፥ “ይህ የተፈጨ አይደለም፥ የተነነ ነው” አሉ። ጃፓኖች ይህን ምስጋና ቢሰሙት ደስ ይላቸው ነበር። የተነፋው ዱቄት ወደ ዕንቁላሉ በዝግታ ይገባል፤ በመጨረሻም ቀልጦ ለብ ያለው ቅቤ ይጨመራል። ብዙ ማማሰል ሊጡን ያጠነክረዋልና ልክ ሲዋሐድ ማቆም ነው። የሎሚ ጭማቂም አይጨመርበት፤ ኮምጣጣ ነገር የቅጠልን አረንጓዴነት ወደ ቡናማ ይለውጠዋል። ሽታውን የወደደ ሰው የላይኛውን ቢጫ ልጣጭ ብቻ ፍቆ ያግባበት።

ከዚህ በኋላ ሊጡ ተከድኖ በማቀዝቀዣ ውስጥ ያድራል። የዚህ ኬክ ምሥጢሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ያደረ ሊጥ ይወፍራል፤ ቅቤውም ይጠነክራል። ያ ቀዝቃዛ ሊጥ በጋለ ምድጃ ውስጥ ድንገት ሲገባ ዳር ዳሩ ቀድሞ ይበስላል፤ መካከሉ ግን ገና ሊጥ ነው። ኋላ መካከሉ መነፋት ሲጀምር ዳሩ ተዘግቶ ስለሚያገኘው ወደ ላይ ይወጣል፤ ፈረንሳዮች “ቦስ” የሚሉት ጉብታ የሚወጣውም በዚህ ምክንያት ነው። መጋገሪያው በቅቤ ተቀብቶና ዱቄት ተነስንሶበት እርሱም ይቀዘቅዛል። ጕድጓዱ ሦስት እጅ ብቻ ይሞላል። የኤሌክትሪክ ምድጃው አስቀድሞ እስከ 220 ዲግሪ ይጋላል፤ ከአራት ደቂቃ በኋላ ወደ 180 ዝቅ ይደረግና አምስት ወይም ስድስት ደቂቃ ይቆያል። ጉብታውን በጣት ነክቶ ከተመለሰ ደርሷል። ከዚያ ቢዘገይ ዳሩ ይጠቍርና አረንጓዴው መልክ ይጠፋል፤ ስለዚህ ወዲያው አውጥቶ መገልበጥ ያስፈልጋል።

እናቴ ወንበራቸውን በምድጃው መስተዋት ፊት አስጠግተው ተቀምጠው ነበር። ሊጡ መነሣት በጀመረ ጊዜ፥ “እዩት፥ እዩት፥ ሻኛ አወጣ!” ብለው ጮኹ። እኔም ከፓሪሷ ባልቴት ከተማርሁት ስም ይልቅ ይህ ስም እውነተኛ መሰለኝ። በዚያ ቀን የወጡት አሥራ ስድስት ማድሌኖች ሁሉ የደለበ በሬ ይመስሉ ነበር። ላያቸው ወርቅማ፥ ሲቈረሱም ውስጣቸው እንደ ክረምት ሣር አረንጓዴ ነው።

እናቴ የመጀመሪያይቱን ማድሌን ቈርሰው አስቀድመው አሸተቷት። “ቄጠማ ቄጠማ ይላል” አሉ። ሽታው በእውነት ለበዓል የተጐዘጐዘ ቄጠማን ያስታውሳል። ቀምሰውም ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፥ “ጣፋጩ ይቀድምና ምሬቱ ይከተላል፤ ምሬቱም ክፉ አይደለም፤ እንደ ጥሩ ቡና ያለ ነው” አሉ። ጃፓኖች ይህን ሻይ ከመጠጣታቸው በፊት ጣፋጭ የሚበሉት ስለዚህ ነው፤ አንዱ ሌላውን ያስመሰግነዋል። በማድሌን ውስጥ ግን ሁለቱ በአንድ ጕርሻ ይገናኛሉ። ባለቤቴ አራት በሉ፤ ታናሹ ልጃችን የበላውን ቍጥር ለመናገር እንቢ አለ። የቀረውን በሣህን አድርገን ለጎረቤት ላክን። ማድሌን በተጋገረችበት ቀን እንጂ በማግሥቱ ያው አይደለችም፤ በሦስተኛው ቀን ትደርቃለች። እንደ ሻዩ ሁሉ እርሷም መቀመጥን አትወድም።

በዚያ ማታ በስልክ ከልጃችን ጋር ተነጋገርን። በኪዮቶ ሌሊት ሆኖ ነበር። እናቴ ስለ ሻኛው፥ ስለ ቄጠማው፥ ስለ ወፍጮውም አንድ ሳያስቀሩ ተረኩላት። ልጅቱ ስትስቅ ሰማናት፤ ኋላም ሳቋ ተቋርጦ ዝም አለች፤ እኛም ዝም አልን። ከዚያ በፊት በስልክ ስንገናኝ ሁልጊዜ የምንጠይቃት “መቼ ትመጫለሽ?” ብለን ነበር፤ እርሷም መልሱን እያጣች ትጨነቅ ነበር። በዚያ ቀን ግን ማንም መቼ ትመጫለሽ አላላትም። የምንነጋገርበት ነገር ነበረን።

ጣሳዋን በጠባብ ክዳኗ አጥብቀን ዘግተን በማቀዝቀዣው ውስጥ አኖርናት፤ በአምስት እሑድም አለቀች። ሁለተኛው ጋገራ ከሕመም ለተነሡ አንድ ዘመዳችን፥ ሦስተኛው ለታናሹ ልጃችን የትምህርት ቤት ጓደኞች፥ አራተኛው ለጎረቤታችን ለቅሶ ቤት፥ አምስተኛውም ለቤታችን ሆነ። ማቻ እንደ ቡና የሚያነቃ ስለ ሆነ ለልጆች ከቀትር በፊት እንጂ ወደ ማታ አልሰጠንም። ስድስተኛ እሑድ በደረሰ ጊዜ ጣሳዋ ባዶ ነበረች። እናቴን ያዝኑ ይሆናል ብዬ ሠግቼ ነበር፤ እርሳቸው ግን ጣሳዋን አጥበው በፀሓይ አሰጧት።

ባገራችን ልማድ የሰው ሣህን ባዶውን አይመለስም። እናቴ ገብስ አስመጥተው፥ አስቈልተው፥ አስፈትገው፥ በሶውን ራሳቸው ቆመው አስፈጩ። ወፍጮው የኤሌክትሪክ ቢሆንም ሁለት ጊዜ አስመልሰው አላመሙት፤ ከዚያም በወንፊት ነፍተው ጣሳዋን እስካፏ ሞሏት። ልጃችን ቀደም ብላ በኪዮቶ አገርም የተቈላ ገብስ ዱቄት “ሃታይኮ” እየተባለ እንደሚበላ ጽፋልን ነበርና፥ ስጦታው እዚያ ባዳ እንደማይሆን አወቅን። ደብዳቤውን እርሳቸው እየነገሩኝ እኔ ጻፍሁ። “ይህን በሶ አታስቀምጪው፤ በጊዜው በጥብጠሽ ጠጪው፥ ለጓደኞችሽም አቅምሺያቸው። ጣሳዋን ግን ባዶዋን እንዳትመልሻት” የሚል ነው። ደብዳቤውን አጥፌ ሳሽገው እናቴ ፈገግ ብለው፥ “እንግዲህ አደራው እሷ ዘንድ ሆነ፤ እኔ ደግሞ ተቀባይ ነኝና መጠበቅ አለብኝ” አሉ።

ክቡራንና ክቡራት አንባቢዎች፥ በየቤታችሁ ሣጥን ውስጥ ከውጭ አገር ከልጅ፥ ከወንድም ወይም ከወዳጅ የተላከ ያልተከፈተ ነገር እንዳለ አልጠራጠርም። የሚበላውንና የሚጠጣውን ከማይበላው ለዩት። የማይበላው ይቀመጥ፤ ማስታወሻ ነውና። የሚበላው ግን ላኪው በልቡ ያሰበው የእናንተን ማዕድ እንጂ የእናንተን ቁልፍ አይደለምና፥ ሽታው ሳይሄድ ይከፈት። ማድሌን ባይሆን ዳቦ ይጋገርበት፤ ማቻ ባይሆን ሌላ ይፍላበት። ከተበላም በኋላ ማን እንደ በላው፥ ምን እንደ ተባለለትም ለላኪው ጻፉለት። በሩቅ አገር ብቻውን ለሚኖር ሰው ስጦታው በክብር ተቈልፎበታል ከሚል ወሬ ይልቅ፥ ጎረቤቱ ሳይቀር ቀምሶ አመሰገነ የሚለው ቃል ይበልጥ ያጠግበዋል።